አበልጅ ሳንሆን

ልጄ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤት ሲደርሳት እኔንም ይዛኝ መጣች። አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ስወጣ መሀል መሀል ላይ አረፍ እላለሁ። የጎረቤት ልጆች «እማማ እንግፋዎት?» ይሉኛል። «ባትሪዋ ያለቀ ታክሲ መሰልኳችሁ?» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ከወጣሁ በኋላ ግን አልከፋም። በረንዳው ወደ ደቡብ ነው የሚያየው። ዝናብ ጥሎ አየሩ ሲታጠብ ዝቋላ ከሩቅ ይታየኛል፤ ሜዳ ላይ ብቻውን እንደተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይላል። እኔ ሳየው ልቤ ይከብደዋል። ተራራው ምን በደለኝ፣ ምንም። ባለቤቴ ይቅር የሚልበት ልብ ፍለጋ እዚያ ድረስ ወጥቶ ስለነበረ ነው። ይቅር ሊለው የፈለገው ሰው ደግሞ ከግድግዳችን ማዶ ነበር የሚኖረው።

ያኔ ቤታችን አቃቂ በሰቃ ነበር፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም አይርቅም። ባለቤቴ የሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ቡለን ሲያጠብቅ፣ የበሰበሰ እንጨት ሲቀይር ኖሯል። መንገድ ሲሄድ እንኳ ዓይኑ መሬት መሬት ነው የሚያየው። ውሸት የሚባል ነገር አይችልም። ገበያ ወጥቶ ዕቃ ቢሸጥ የዕቃውን ነቀፋ ራሱ ቀድሞ ይናገራል፤ ስለዚህ ገበያ የምወጣው እኔ ነበርኩ። መዞር እወዳለሁ መቼም። ንግሥ በተባለበት ሁሉ እገኛለሁ፤ አንዱን ደብር ስሜ ወደ ሌላው እሻገራለሁ። እሱ ደግሞ ከሐዲዱና ከቤቱ አይርቅም።

ሦስት ልጆች ነበሩን፤ አንድ ወንድ፣ ሁለት ሴቶች። ወንዱ በወታደሩ መንግሥት ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ወደ ሰሜን ሄደ። አብሮት የዘመተ የሰፈራችን ልጅ ተመልሶ ነው መርዶውን የነገረን። አንድ ተራራ ላይ ቀረ አለን፤ የተራራውንም ስም ነገረን። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ፎቶግራፉን ከበን አለቀስን። ፎቶግራፍ ደግሞ አፈር አይለብስም፤ ልቅሶው አላልቅ አለን።

እኛ ቤት ማታ ከራት በፊት አቡነ ዘበሰማያት በአንድ ላይ ነው የሚደረሰው። ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ ነው በቃሌ የማውቀው፤ ፊደሉንማ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በስተርጅና ነው የለቃቀምኩት። ከመርዶው በኋላ ግን ባለቤቴ አንዲት ቦታ ላይ ዝም ማለት ጀመረ። «በደላችንን ይቅር በለን» ይላል። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ስንደርስ ድምፁ ይጠፋል። እኔና ልጆቹ ጨርሰን «ወደ ፈተና አታግባን» ስንል ተመልሶ ይገባል። መጀመሪያ ጉሮሮው ተይዞ መሰለኝ። ደጋግሞ ሲያደርገው ጊዜ ጠየቅሁት።

«ምነው አንተ፣ እዚያች ቦታ ስንደርስ ምን ይይዝሃል?»

«እግዚአብሔርን አልዋሽም» አለኝ። «ይቅር አላልኩማ። ይቅር እንደምንል ብል ውሸት ነው። ዝም ብል ይሻለኛል።»

«ታዲያ የፊተኛዋንስ ለምን ትላታለህ? ይቅር በለን እያልክ አይደል?»

«እሱን እለምናለሁ። መለመን ነውር ሆነ እንዴ?»

የነፍስ አባታችንን «አባ፣ ምከሩልኝ» አልኳቸው። «ተዪው፤ የሚዋሹት ብዙ ናቸው። እሱ እንኳ ዕዳውን አውቋል» አሉኝ። እኔ ግን እየቆየ ፈራሁ። ያችን ቃል እየዘለለ እንደዚያው ቢሞትስ?

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ታጋዮቹ ሲገቡ ጠጉራቸው የተንጨባረረ፣ ቁምጣ የለበሱ፣ ኮንጎ ጫማ ያጠለቁ ልጆች ሐዲዱ ዳር ተደርድረው ተቀምጠው አየሁ። ጭራቅ ነበር የጠበቅሁት። አንዷ ልጅ መሣሪያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ እግሯ ውስጥ የገባ እሾህ ታወጣለች። ወደ ቤት ተመልሼ «ልጆች ናቸው እኮ» አልኩት። «የኛም ልጅ ነበር» አለኝ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። የቀበሌ ቤታችን ከአንድ የስልጤ ባለሱቅ ኪራይ ቤቶች ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይገናኛል፤ ውሃም የምንቀዳው ከአንድ ቧንቧ ነው። ግድግዳው ስም ብቻ ነው፤ ማዶ ሰው ሲያስነጥስ ወዲህ ሆነን «ይማርህ» እንላለን። ባለሱቁ አንድ ቀን አዲስ ተከራይ አስገባ። ከሠራዊቱ የተሰናበተ ታጋይ ነው፤ ጉልበቱ ውስጥ ብረት ስለቀረ ያነክሳል። ቃሊቲ አንድ መጋዘን ጥበቃ ተቀጥሯል። ሚስቱ የአገሩ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ገና ነው፣ ሳቋ ግን ሞልቷል። እሱ እኔን «አደይ» ይለኛል፤ በነሱ እናቴ ማለት ነው። ባለቤቴን ደግሞ «አባባ» ይለዋል።

ባለቤቴ ሰላምታ አይነሳውም ነበር። «እንደምን አደርክ» ይለዋል፤ ዓይኑን ግን ወደ መሬት ነው፣ ሐዲድ እንደሚያይ። በአንድ ክረምት ነፋስ የጣሪያችንን ቆርቆሮ ገነጠለው። ባለቤቴ መሰላል ሲያቆም ሰውዬው እያነከሰ መጣ፤ «አባባ፣ እርስዎ ያዙልኝ» ብሎ ወጣና ቆርቆሮውን መታው። ከወረደ በኋላ ሁለቱም ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

«የት የት ተዋጋህ?» አለው ባለቤቴ።

ሰውዬው ቦታዎቹን መጥራት ጀመረ። ከመካከላቸው ልጃችን የቀረበትን ተራራ ስም ጠራ። እጄ ላይ የነበረው ሳህን ወደቀ። ባለቤቴ «እዚያ ልጄ ነበረ» አለ።

ሰውዬው «በየትኛው በኩል?» ብሎ አልጠየቀም፤ ገብቶታል። «ጭጋግ ነበር አባባ» አለ። «እኛም ወደ ጭጋጉ እንተኩሳለን፣ እነሱም ወደ ጭጋጉ ይተኩሳሉ። ማንን እንደመታሁ አላውቅም። እንዳልመታሁም አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለ ባለቤቴ። «አለማወቁ ነው የሚበላኝ።»

ማታ ምን አለኝ መሰላችሁ፣ «ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ»። ለካ ጠላት ሩቅ ሲሆን ነው «ጠላታችሁን ውደዱ» ሲባል አሜን ማለት የሚቀል። ጠላት ሳይባል ቆርቆሮህን መትቶልህ ሲወርድ፣ ከአንድ ቧንቧ ሲቀዳ፣ የት ታደርገዋለህ? በዚያም ወገን ታቦት ወጥቷል፣ በዚህም ወገን ወጥቷል። የሱ እናት «ልጄን ጠብቅልኝ» ስትል እኔም በዚያች ሰዓት «ልጄን ጠብቅልኝ» እል ነበር። እግዚአብሔር የሷን ሰማ። ይህን ሳስብ እሷን እጠላት ይመስልና ደግሞ እንዴት ደስ ብሏት ይሆን እላለሁ። የሴት ልብ መቼም አንድ ቦታ አይቀመጥም።

ሚስቱ አረገዘችና ወንድ ልጅ ወለደች። እልል አልን። አራስ ቤት አጥሚት ይዤ እመላለሳለሁ። አንድ ከሰዓት ሰውዬው ሱሪውን አስተኩሶ፣ ባለሱቁን አስከትሎ ቤታችን መጣ። ባለሱቁ በአገራችን ወግ ሽማግሌ ሆኖ መምጣቱ ነው፤ ኮፍያውን አስተካክሎ ቆመ፣ ተቀመጥ ብንለው አልቀመጥም አለ።

«ጋሼ» አለ ባለሱቁ፣ «እኔ እስላም ነኝ፤ ስለ ክርስትና የማውቀው ነገር የለም። ይህ ልጅ ግን ዘመድ የለኝም አለኝ። ዘመዱ ሆኜ መጣሁ። ቀሪውን ራሱ ይናገር፤ እኔ እንዳላበላሸው።»

ሰውዬው ብድግ አለ። «አባባ፣ ለልጄ የክርስትና አባት ይሁኑልኝ» አለ።

ክርስትና ማንሳት እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁን ያነሳው ሰው የልጁ አባት ይሆናል፤ ከወላጆቹ ጋር ደግሞ አበልጅ ይባላል። አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ ከአበልጅ ጋር ቂም አይያዝም፣ ጋብቻም የለም። ባለቤቴ ፊቱ ጠቆረ፣ ደግሞ ቀላ።

«ሰው አጥተህ ነው?» አለው።

«አላጣሁም። መጋዘኑ ውስጥ ባልደረቦች አሉኝ።» ቆም አለና ወደ ግድግዳው አየ። «ማታ ማታ ጸሎታችሁ ይሰማኛል። አንዲት ቦታ ላይ የእርስዎ ድምፅ ይጠፋል። በእኔ ምክንያት እንደሚጠፋ ገባኝ። ልጄን ቢያቅፉልኝ ምናልባት… እንጃ። እኔ የምሰጥዎት ሌላ ነገር የለኝም።»

ባለሱቁ ኮፍያውን አውልቆ ያገላብጣል። ባለቤቴ በመጨረሻ «እስቲ ልመካከርበት» አለ።

«ከማን ጋር?» አለ ባለሱቁ፤ ነጋዴ አይደል፣ ቁርጥ ነገር ይወዳል።

«ከላይኛው ጋር።»

«እሱስ እሺ ይላል ጋሼ። የሚያስቸግረው የታችኛው ነው» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። አብረን የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ነው። በኋላ ሳስበው እዚያው ላይ «እሺ» ቢል ኖሮ እላለሁ፤ አፉ ላይ ደርሳ ነበር፣ አይቻታለሁ።

አርባው ቀን ሊሞላ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ባለቤቴ ከእንቅልፉ ተነስቶ ጋቢውን ደረበ። በሶ በከረጢት ያዘ፣ ኩባያ ያዘ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«መጣሁ።»

«በሶ ይዘህ ነው መጣሁ የምትለኝ?»

«የሚጠይቅሽ ካለ አላውቅም በዪ። እንዳትዋሺ ደግሞ አልነግርሽም» አለና ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሱባኤ መሆኑን ጠርጥሬ ነበር፤ ጾምና ሱባኤ ደግሞ በስውር ነው፣ ለሰው የታየ እንደሆነ ዋጋው እዚሁ ቀረ ብለን ነው ያደግነው። ግን ጥርጣሬዬ እርግጥ አልነበረም። አገር ቤት ወንድሙ ጋም ሊሆን ይችላል፣ ሐዲዱን ተከትሎ የሄደም ሊሆን ይችላል።

በማግስቱ አራሷ «አባባ የታሉ?» አለችኝ። «አላውቅም ልጄ» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ደግማ ጠየቀችኝ። «አላውቅም።» ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ባልየው ማታ ከሥራ ሲገባ ደጃፌ ላይ ቆመ።

«አደይ፣ አባባ ሸሹኝ አይደል?»

«ኧረ እሱ የሚሸሽ ሰው አይደለም!»

«ታዲያ የት ሄዱ?»

የነበረኝ አንድ እውነት አላውቅም የሚል ነው። እሱንም ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እሺ። አይከፋኝም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ልጁን ማቀፍ ያቅተኝ ነበር» አለና እያነከሰ ሄደ። ባለሱቁ ሱቁ በር ላይ ሆኖ «ጋሼ ይሄን ያህል ምን ይመካከራሉ? ላይኛው እንደሆነ ወረፋ የለውም!» አለኝ፤ አሁን ግን ማንም አልሳቀም።

የክርስትናው ዕለት ከእነሱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ልጁን የማነሳው እኔ ብሆን ደስ ባለኝ፤ ግን ወንድን ወንድ ነው የሚያነሳው። የመጋዘኑ ባልደረባው፣ ጥሩ ሰው ነው መቼም፣ አዲስ ነጠላ ለብሶ ቆሟል። ቄሱ ልጁን ከውሃው አውጥተው ሲያቀብሉት በነጭ ጨርቅ ተቀበለው። ልጁ ጮኸ፣ እናቱ አለቀሰች፣ ማተቡን አሰሩለት። እኔ ዞር ስል ባለቤቴን ደጀ ሰላሙ ላይ አየሁት።

ጋቢው አቧራ ብቻ ነው። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። ፊቱ ከስቷል፣ ግን ያ ልጃችን ከሄደ ወዲህ አይቼበት የማላውቀው ብርሃን ነበረበት። እጁ ላይ ትንሽ ጥቅል ይዟል። ከጥቅሉ ነጭ የሕፃን ቀሚስ ጠርዙ ብቅ ብሏል፤ ማተብም አብሮ ታስሯል። ሮጬ አጠገቡ ደረስኩ።

«ቀደሙኝ?» አለኝ።

«ጠፋህባቸው እኮ! የት ነበርክ?»

«ዝቋላ። ሱባኤ ይዤ። እንዲህ ሆኜ ልጁን አላቅፍም ብዬ… ልቤን ላነጻ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ቂም ይዞ ክርስትናማ እንዴት ይሆናል? እዚያ ለቀቀኝ። ትናንት ለቀቀኝ፤ ከዚያ ወርጄ ሌሊቱን ሁሉ በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«ና እንንገራቸው!» ብዬ ጋቢውን ያዝኩት።

«ምኑን? ሊያጠምቁት እንደገና? ጥምቀት አንዲት ናት። ያነሳውም አንድ ነው።» እጄን ቀስ ብሎ ከጋቢው ላይ አነሳ። ሰውዬው በዚያች ቅጽበት ቀና ብሎ አየን። ሁለቱ ተያዩ። እሱ ምን እንዳየ አላውቅም፤ ምናልባት «አለመምጣቱ ሳያንስ ሊታዘበኝ መጣ» ብሎ ይሆናል። ባለቤቴ ጥቅሉን ጋቢው ውስጥ ከተተና ወጣ። ሐዲዱን ይዞ ነው ወደ ቤት የሄደው።

የዚያን ዕለት ማታ ጸሎት ቆምን። «እኛም» ብሎ ጀመረ። ሰማሁት፤ «እኛም» አለ። ከዚያ አቆመ። ከተራራ ላይ ተሸክሞ ያወረዳትን ቃል ደጀ ሰላሙ ላይ ጥሏት ነበር የገባው። ከግድግዳው ማዶም ኮሽታ የለም።

ከዚያ ወዲህ የኖርነውን ሳስበው ያንገበግበኛል። ጠብ የለ፣ ስድብ የለ። «እንደምን አደሩ አባባ።» «እግዚአብሔር ይመስገን።» በቃ። አንዱ «ልጁን ለሌላ ሰጠብኝ» ይላል፣ አንዱ «ከልጄ ሸሸ» ይላል። እኔ «ልንገረው» ስለው ባለቤቴ «ሱባኤዬን ታውጂብኛለሽ? በረከቱስ ቀርቷል፣ ምስጢሩ እንኳ ይቅርልኝ» ይለኛል። የነፍስ አባታችን ለጸበል ርጭት ሲመጡ ሳይወድ በግድ ነገራቸው። አባ የጸበሉን ዕቃ አስቀመጡ።

«ልጄ» አሉት፣ «ወንድምህ በአንተ ላይ የሚያዝንበት ነገር ካለ መባህን ትተህ መጀመሪያ ወደ እሱ ሂድ ነው የተባልነው። አንተ ወንድምህን እዚህ ትተህ መባህን ተራራ ላይ ይዘህ ወጣህ።»

«ባዶ ልብ ይዤ እንዴት ልሂድለት አባ?»

«እሱም የጠየቀህ እንደዚያው ባዶ ይዘህ እንድትመጣ ነበር። አሁንም ሂድ። ዛሬ ሂድ።»

«እሺ» አለ። ዛሬ ግን አልሄደም። ለመስቀል አለ። ለገና አለ። ለፋሲካ፣ ጾሙ ሲፈታ ዶሮ ይዤ እገባለሁ አለ። ሐዲድ ቢሆን አንዲት ቡለን ላልታ አያሳድራትም፤ ባቡር ይመጣላ። የሰው ነገር ግን ሁሌ ነገ የሚደርስ ይመስላል።

የመጣው ሌላ ጦርነት ነው። ደግሞ በሰሜን፣ አሁን ደግሞ ትናንት አብረው የታገሉት እርስ በርስ። ሬዲዮኑ መዝፈን ጀመረ። በአቃቂ መንገድ ከባድ መኪናዎቹ ሰው ጭነው ያልፋሉ፤ ልጆቹ ከላይ ሆነው ይዘፍናሉ፣ እናቶች ከታች። የተሰናበቱ ታጋዮች ተመለሱ ተባሉ። የኛም ጎረቤት ተጠራ። «ያ እግርህ?» ስለው «አደይ፣ እግሬ ባይሮጥ አፌ ያዝዛል» አለኝና ሳቀ። ሚስቱ አልሳቀችም።

ማዶ ዕቃ ሲሸከፍ ሰማን። ባለቤቴ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ነው ያነጋው። እንደነጋ ሣጥኑን ከፈተ፤ ያችን ጥቅል አወጣ፤ ማተቡን ለይቶ ኪሱ ከተተና ወጣ። ተከተልኩት። ቃሊቲ መኪናዎቹ የቆሙበት ስንደርስ ሰው እንደ ንግሥ ነው። ሰውዬው ሚስቱንና ልጁን አቅፎ ተሰናብቶ መኪናው ሥር ቆሟል። ባለቤቴን ሲያይ ደነገጠ።

«አባባ!»

«ያን ጊዜ ዝቋላ ነበርኩ» አለው ባለቤቴ። መቅድም የለ፣ ሰላምታ የለ። «ለልጅህ ብዬ ሱባኤ ይዤ ነበር። ደረስኩ። ዘገየሁ።»

ከሰውዬው ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልገባኝ ነገር ወጣ። «እኔ ደግሞ ሸሹኝ ብዬ…! አባባ፣ ምነው አንዲት ቃል ቢልኩብኝ?»

«ልክ ነህ።»

«ግድግዳው እኮ ይሄን ያክል ነው!» በጣቱ አሳየው።

ባለቤቴ ማተቡን ከኪሱ አወጣ። «ልጁ የራሱ አለው። ይሄ ላንተ ይሁን» አለና ራሱ አንገቱ ላይ አሰረለት። ቋጠሮው እጁን ብዙ አስቸገረው። ያ በቡለን የኖረ እጅ። ሰውዬው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀው፤ ልክ እንደ ሕፃን። «ተሳፈሩ» የሚል ጩኸት መጣ።

«አባባ፣ ያቺን ቃልስ?» አለው መኪናው ላይ እየወጣ።

«እላታለሁ» አለ ባለቤቴ። «ማታ ስማኝ» ሊል ይመስለኛል፣ አፉን ከፍቶ ተወው። ማታ የት ይሰማል?

ማታ ግን አላት። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ከማዶ የሚሰማው አልነበረም። ሚስቱ ብቻ ስታለቅስ ሰማናት። ጥቂት ቆይታ ልጇን ይዛ ወደ አገሯ ገባች፤ እናቷ ዘንድ ነው አለችን፣ እናቷ ያለችበትን አገር ስሙን እንኳ በቅጡ አልያዝኩትም። ጦርነቱ አለቀ ተባለ። ቤቱን ባለሱቁ ለሌላ አከራየ። «ደብዳቤ አልመጣም?» ስለው ባለሱቁ «አልመጣም እማማ። ቢመጣ ሱቁን ዘግቼ ነበር የማመጣልዎት» ይለኛል።

ባለቤቴ ሊሞት ሲል ያስጨነቀው ሕመሙ አልነበረም። አባ ሊያናዝዙት ሲመጡ «ያን ጎረቤቴን በጸሎት አስቡልኝ» አላቸው። አባ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉት። ጸሎት ላይ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ የዓለም ስም አይጠራም። ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ እሱ አየሁ። ባለሱቁን አስጠራን፤ «እኔ የማውቀው ያው የምንጠራውን ነው» አለ። የልጁንም አናውቅም፤ ቄሱ ሲጠሩት ዓይኔም ጆሮዬም ደጀ ሰላሙ ላይ ነበር። አበልጅ ብንሆን ኖሮ ባለቤቴ ራሱ ነበር የልጁን ስም ለቄሱ የሚናገረው።

«ክር አሰርኩለት» አለ ባለቤቴ፣ «አንገቱን ይዤ ክር አሰርኩለት፣ ስሙን ሳልጠይቅ!» እስኪያርፍ ድረስ ይህችን ነው የሚደጋግማት።

እኔ ከዚያ ወዲህ አዲስ አመል አወጣሁ። የማገኘውን ሰው ሁሉ የክርስትና ስሙን እጠይቃለሁ። እዚህ ኮንዶሚኒየም ከጎኔ ያለችዋን ልጅ በሯን አንኳኩቼ ጠየቅኋት። «ምን ሊያደርጉበት ነው እማማ?» ብላ በሩን ግማሽ ዘጋችው። ደብተራ ጋ ልወስደው መስሏታል። አልፈርድባትም፤ ስም ይደበቃል በአገራችን። «ላስጠራሽ ነው ልጄ፣ መንገድ ብትሄጂ» አልኳት። «የትም አልሄድም» አለችኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።

በባለቤቴ የሙት ዓመት መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የሱንና የልጄን ስም ለአባ ነገርኳቸው። ከዚያ እንደ ልማዴ «ያንንም ሰውዬ» አልኳቸው።

«ከሙታን ጋር ነው ወይስ ከሕያዋን ጋር?» አሉኝ።

«አላውቅም አባ።»

«ስሙንስ?»

«አላውቅም።»

«ግድ የለም፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉኝ።

«እሱስ ያውቀዋል አባ» አልኩ። «እኛ ነን ያላወቅነው።»